ባትሪዬ ጋለብኝ፣ የሻማ ሰም ላፍስበት ወይ?

የሚያዝያ ሙቀት አዳማን ከያዘ ጀምሮ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ባትሪ ጋለ፣ ባትሪ ዘጋ፣ ባትሪ ደከመ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናውም ባጃጁም በየሰፈሩ በዝቷልና ጥያቄው መብዛቱ አይገርምም። ዛሬ አራቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ አሁን ካልተነገረ ሰው የሚጎዳበት ነገር ስላለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ከፍራንኮ ፖስታ ቤት በኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ገና ዓመት አልሞላኝም። ጠዋት ጠዋት ምንም አትለኝም፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን በተለይ ሦስት ሰው ከጫንኩ ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጭራሽ መንገድ ላይ ጠፍታብኝ ተሳፋሪ አወረድኩ። ወንበሩን አንስቼ የባትሪውን ሳጥን ስነካው እጅ አያስቆምም። አንድ ጋራዥ ሄጄ ሳማክር ውጭ አገር ባትሪ የሚቀዘቅዘው በሰም ነው፣ ሳጥኑን ከፍተን ሻማ አቅልጠን እናፈስልሃለን አሉኝ፣ ቪዲዮም አሳዩኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ሊበሉኝ ነው? ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው፣ ብሩን ለዚህ ላውጣው?
የባጃጅ ሾፌር፣ አዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዕቁብ ብርህን ለዚህ አታውጣው። ያሳዩህ ነገር ግን ውሸት አይደለም፣ በሰም ባትሪ ማቀዝቀዝ የሚባል ነገር በደንብ አለ፣ ለዛም ነው አደገኛ የሆነው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እውነቱን ላስረዳህ።

አዳማ የኖረ ሰው ይሄን ነገር ከቅቤ ያውቀዋል። ለጋ ቅቤ በሳህን አድርገህ እሳት ዳር ብታስቀምጠው ገና ያልቀለጠ ቁራጭ መሃሉ ላይ እስካለ ድረስ ሳህኑ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ ከጠፋች በኋላ ግን ወዲያው መጋል ይጀምራል። እሳቱ እኮ ያው ነው፣ አልተጨመረበትም። በፊት ሙቀቱ የት ይገባ ነበር ካልክ ቅቤውን ለማቅለጥ ይውል ነበር። እኔ ራሴ ይሄን በሰም ሞክሬዋለሁ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ሻማ ቆራርጬ በአልሙኒየም ኩባያ አደረግኩና ቴርሞሜትር ሰክቼበት የፈላ ውሃ ድስት ላይ አስቀመጥኩት፣ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ወጣ ወጣ አለና 55 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ሰሙ ከዳር ዳር እንደ መስታወት እየጠራ መሃሉ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቁጥሩ ግን ለብዙ ደቂቃ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፣ ነጩ ሲያልቅ እንደገና ሽቅብ ሄደ። ያቺ ቁጥሩ የቆመባት ጊዜ ናት ለባትሪ የምትፈለገው።

በቁጥር ልንገርህ፣ አንድ ኪሎ የፓራፊን ሰም (የሱቅ ሻማ የሚሠራበት ሰም) ለመቅለጥ ብቻ ወደ 200 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል፣ ይሄ ያንኑ ሰም ሳይቀልጥ መቶ ዲግሪ ለማሞቅ ከሚፈጀው ጋር ይቀራረባል። ሰም የተመረጠው ለዚህ ነው፣ ሳይግል ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ፓምፕ አይፈልግም፣ ፋን አይፈልግም፣ ከባትሪው ላይ መብራት አይበላም። ነገሩን ለባትሪ ያመጡት አሜሪካ ቺካጎ ያለው የኢሊኖይ ቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ናቸው፣ አል ሐላጅና ሴልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እንደ ፈረንጆቹ አሳተሙት፣ ከዛ ኦልሴል የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞበት ለትናንሽ ተሽከርካሪዎች ባትሪ ሲሰራ ቆይቷል።

አሁን ጋራዡ ያልነገረህን ልንገርህ። አንደኛ ሰም ራሱ ሙቀት አያስተላልፍም፣ ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ሺህ ጊዜ ያንሳል። ሴሉን (ሳጥኑ ውስጥ ተደርድረው ባትሪውን ከሚሠሩት ትናንሽ ባትሪዎች አንዱን) የነካው ሰም ይቀልጣል፣ ከሁለት ጣት ወዲያ ያለው ግን ሙቀቱ ሳይደርሰው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ ስለዚህ ደረቅ ሻማ ብቻውን ብታፈስበት ባትሪህን ጋቢ አለበስከው ማለት ነው። የቺካጎዎቹ ጥበብ ሰሙ ላይ ብቻ አልነበረም፣ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር) በሙቀት ተነፍቶ እንደ ስፖንጅ ሲሆን ሰሙን እሱ ውስጥ አስጠጡት፣ ግራፋይቱ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ ሰሙም ሲቀልጥ ስፖንጁ ይዞት አይፈስም። ቪዲዮው ላይ ያየኸው ጥቁር ብሎክ ከሆነ እሱ ነው፣ ሻማ አይደለም።

ሁለተኛ የሱቅ ሻማ የሚቀልጠው ከ50 አልፎ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ነው። ሊትየም ባትሪ የሚመቸው ከ15 እስከ 35 ባለው ነው፣ በየቀኑ ከ45 በላይ ከዋለ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል፣ ብዙዎቹ ቢኤምኤሶች (ባትሪውን የሚቆጣጠሩት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) ደግሞ 60 አካባቢ ሲደርስ ባትሪውን ይዘጉታል፣ መንገድ ላይ የጠፋችብህም በዚህ ይመስለኛል። ሻማው መሥራት የሚጀምረው እንግዲህ ባትሪህ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፣ ሰም ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ይይዘዋል። የያዘውን ደግሞ ማታ ለአየሩ መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ ነገ አዲስ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ባጃጅህ በአማካይ 3 ኪሎዋት እየወሰደች ብትሄድና ከዛ ከመቶ ሦስት ያህሉ ባትሪው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል ብንል በሰዓት አንድ ኪሎ ተኩል የሚያልፍ ሰም ያቀልጣል፣ አራት ሰዓት ሳታርፍ ብትሰራ ከስድስት ኪሎ በላይ ማለት ነው። ከዛ ሁሉም ቀልጦ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ሰሙ ጭነት ብቻ ነው። በአግባቡ የተሰራውም ቢሆን የቀትር ወላፈን የሚያሻግርህ እንጂ እንደ ራዲያተር ቀኑን ሙሉ የሚያወጣልህ አይደለም።

ደግሞ አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ እንደዚሁ ሰም ያስፈሰሰባትን ባጃጅ ይዞልኝ መጣ፣ የት እንዳሰራው መጥራት አያስፈልግም። ሰም ሲቀልጥ ከአሥር ፐርሰንት በላይ ይሰፋል፣ ሳጥኑ ጢም ብሎ ስለተሞላ ሲሰፋ መሄጃ አጥቶ ክዳኑን አጉብጦታል፣ በቦልቶቹ ቀዳዳ ፈሶ ፍሬኑ ድረስ ወርዷል። ውስጡን ስንከፍት የሙቀት መለኪያዋ ሴንሰር ከሴሉ ተነስታ ሰም ውስጥ ተንሳፍፋለች፣ ስለዚህ ቢኤምኤሱ የሚያነበው የሰሙን ሙቀት እንጂ የሴሉን አይደለም፣ ሴሉ ቢነድ እንኳን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። ሰም ደግሞ እሳት ያገኘ ዕለት ነዳጅ ነው። ልጁ ቤተሰብ የሚያስተዳድርባት ባጃጅ ናት፣ ባትሪው ዳግመኛ ለሥራ አልበቃም፣ እኔም እስካሁን ይቆጨኛል።

ባትሪህ ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ (ከባድ፣ ብዙ ለየብቻ የተቀመጡ ጥቁር ባትሪዎች ከሆኑ እሱ ነው) ሰሙን እርሳው፣ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ መተንፈሻውን መድፈን በራሱ አደጋ ነው።

እና ምን ላድርግ ነው የምትለው። መጀመሪያ አጥፍተህ፣ ባትሪውን ነቅለህ፣ በሚያውቅ ሰው ተርሚናሎቹን (ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን ቦታዎች) አስጠብቅ። የላላ ቦልት ብቻውን ከጠቅላላው ባትሪ በላይ ይግላል፣ ምልክቱ የአንዱ ገመድ ላስቲክ ጠቁሮ ወይ ለስልሶ ማግኘት ነው። ከዛ ወንበሩ ሥር ያለውን እይ፣ ብዙ ሾፌር ዝናብ መከላከያ ላስቲክ፣ ጨርቅ፣ የጎማ ቱቦ ምናምን እዛው ይጠቀጥቃል፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይታፈናል፣ አውጣው። የጎማህን ንፋስ በየሳምንቱ ለካ፣ የተኛ ጎማ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ሞተሩ ባትሪውን። ነዳጅ አሰጣጥህን (መቼም ነዳጅ ነው የምንለው) ቀስ አድርግ፣ ምክንያቱም ከባትሪው የምትስበው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ከቆምክበት በአንዴ መርገጥ ባትሪውን በቁሙ መጥበስ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ተራ ስትጠብቅ ዛፍ ሥር አቁማት፣ ጥቁር አስፋልት ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመች ባጃጅ ሳትሰራም ትግላለች። ማታ ስትገባ ደግሞ ወዲያው አትሰካት፣ ወንበሩን ከፍተህ አንድ ሰዓት ያህል ትተንፍስ፣ እራትህን ብላና ከዛ ስካ። የአዳማ ነፋስ በነፃ የተሰጠህ ፋን ነው፣ ለእኛ ለዚህም ጭምር ነው የሚነፍሰው። ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም እጅ የማያስቆም ከሆነ አንዱ ሴል ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ባጃጇ ዋስትናዋ ካላለቀ ሳጥኑን ማንም ሳይከፍተው ወደ ሻጩ ውሰዳት፣ አንዴ ከተከፈተ ዋስትናውን ልታጣው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ እመላለሳለሁ። ቻርጅ ሰክቼ መኪናው ጠፍቶ እያለ ከፊት በኩል ፋን በኃይል ይጮሃል፣ ጎረቤት ሁሉ ምንድነው ይለኛል። የኔ ባትሪ ውስጥስ ሰም አለ? ካልሆነ ምንድነው የሚያቀዘቅዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፋኑ መጮሁ ጤና ነው፣ ባይጮህ ነበር የሚያስፈራው። የአንቺ መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ነው ያለው፣ በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ከሴሎቹ ሥር ቀጭን የአልሙኒየም ሳህን አለ፣ በውስጡ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይዞራል፣ ኩላንቱን ደግሞ ያው ሰውን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ያቀዘቅዘዋል። ሰም የለውም። ለምን ሰም አላደረጉበትም ካልሽ ሒሳቡ ስለማይመጣ ነው፣ በ50 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ግማሽ ሰዓት ብትሰኪው ሁለት ኪሎዋት ያህሉ ባትሪው ውስጥ ሙቀት ይሆናል ብለን ብንገምት፣ እሱን ለመዋጥ ወደ 18 ኪሎ ሰም ያስፈልጋል፣ ለሚቀጥለው ቻርጅ ደግሞ ያ ሁሉ ሰም መልሶ መርጋት አለበት። ኩላንት ግን ሙቀቱን ወዲያው ተሸክሞ ውጭ ይጥለዋል። ሰም ለትንሹ ባትሪ ነው የሚያምርበት።

ማቀዝቀዣ የሌለው ባትሪ ሞቃት አገር ምን እንደሚሆን የታየበት የታወቀ ታሪክ አለ፣ የቀድሞዎቹ የኒሳን ሊፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ ኩላንት አልነበረውም፣ አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ ያሉ ባለቤቶች በ2012 በፈረንጆቹ የባትሪያቸው አቅም ቶሎ እየወረደ ነው ብለው አቤት አሉ፣ ኩባንያው በኋላ ላይ ሙቀት የሚችል የሴል ቅመም ለውጦ አወጣ። አዳማ ፊኒክስ አይደለችም፣ ግን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ማቀዝቀዣው ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቅ ባይገዛ ደስ ይለኛል።

ለአንቺ የምመክረው ሦስት ነገር ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጪ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ነው የምትወጪው፣ ለዳገቱ ብቻ ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፣ በዛ ላይ 120 ከነዳሽ ባትሪው እየጋለ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ እንደደረስሽ ፈጣን ቻርጀር ላይ ከመሰካት ትንሽ አሳርፊው። ስትመለሺ ቁልቁለት ስለሆነ ብሬኩ መልሶ ይሞላልሻል፣ መቶ ፐርሰንት ሞልተሽ አትነሺ፣ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ሦስተኛው አቧራ ነው፣ የእኛ ነፋስ አቧራና ገለባ ይዞ ከፊት ያለውን ራዲያተር ይደፍነዋል፣ እኔ ከአንድ መኪና ላይ እፍኝ ሙሉ አውጥቻለሁ፣ በየሁለት ወሩ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ፣ በከፍተኛ ግፊት ከሆነ ክንፎቹ ይተኛሉ። ኩላንት ሲጎድል ደግሞ የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምሪ፣ የመኪናሽ መመሪያ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ።

ጥያቄ፦ እዚሁ አዳማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሙቀት በሚውጡ ነገሮች የባትሪ ማቀዝቀዣ መሥራት ነው። አገራችን የማር ሰም ሞልቷል፣ በፓራፊን ፋንታ እሱን ብንጠቀም ያዋጣናል? ሌላስ ምን እንሞክር?

መልስ፦ ሐሳብህን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ኢትዮጵያ በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ስለሆነች ከእጃችን ካለው መነሳትህ ትክክል ነው። ችግሩ የማር ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው፣ ያ ደግሞ ቢኤምኤሱ ከዘጋ በኋላ ነው። ዘይት ቀላቅለን እናውርደው ካላችሁ ይለሰልሳል፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ብሎ መቅለጡ ይቀርና ከታች እስከ ላይ እየተልፈሰፈሰ ይሄዳል፣ የምትፈልጓት የቁጥሯ መቆም ትጠፋለች። ቅቤ 32 አካባቢ ይቀልጣል፣ አዳማ ቀትር ላይ ሥራ ሳይጀምር ውሃ ነው፣ በዛ ላይ ይሻግታል።

እናንተን የሚስማማው ከአገሩ ከፍተኛ ሙቀት በላይ፣ ባትሪውን ከሚጎዳው በታች የሚቀልጥ ነው፣ ለእኛ ከ40 እስከ 45 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቀን ቀን አየሩ ብቻውን እንዳያቀልጠው፣ ማታ ደግሞ አየሩ በደንብ ዝቅ ስለሚል በራሱ እንዲረጋ። ፓራፊን የሚያምረው በካርቦኑ ርዝመት መምረጥ ስለሚቻል ነው፣ ባለ 18 ካርቦኑ 28 ዲግሪ፣ ባለ 20ው 37፣ ባለ 22ቱ 44 አካባቢ ላይ ይቀልጣል። የጨው ዓይነቶችም አሉ፣ ውሃ የያዘው ሶዲየም ሰልፌት 32 ላይ፣ ሶዲየም አሲቴት 58 ላይ፣ እነሱ አይነዱም፣ ሙቀትም ከሰም ይሻላሉ፣ ግን ብረት ይበላሉ፣ አንዳንዴም መርጋት ያለባቸው ቦታ ላይ ሳይረጉ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ለመጀመሪያ ፕሮጀክት ያስቸግራችኋል።

ግራፋይቱ ካልተገኘ የመጠጥ ቆርቆሮ አልሙኒየሙን ቆርጣችሁ በሰሙ ውስጥ እንደ ክንፍ አቁሙት፣ ለውጡን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ደግሞ አደራ፣ በእውነተኛ ሴል አትጀምሩ። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር ርዝመቱ 65 የሆነ የአልሙኒየም ዘንግ አስቆርጡ፣ የተለመደው ክብ ሴል ልክ ነው፣ መሃሉን አስበስታችሁ ማሞቂያ ሬዚስተር ክተቱበት፣ ስንት ዋት እንደሰጣችሁት በትክክል ታውቃላችሁ፣ ብትሳሳቱም አይፈነዳም። አንዴ በባዶ አየር፣ አንዴ በሰም ብቻ፣ አንዴ በሰምና በክንፍ ለኩት። ከዛ ሃምሳ ጊዜ አቅልጣችሁ አርጉትና ሳጥኑን መዝኑት፣ ክብደቱ ከቀነሰ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ፕሮጀክት አንድ ጊዜ ለክቶ ይቆማል፣ የባጃጅ ሾፌሩ ግን በየቀኑ ነው የሚያቀልጠው፣ እሱን እያሰባችሁ ሥሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ወንጂ ድረስ ዕቃ ያመላልሳል። ሲመለስ ባትሪው በጣም ስለሚግል ጆንያ አርጥቤ አለብሰዋለሁ፣ እንስራን እንደምናቀዘቅዘው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እትዬ፣ ሐሳብዎ ከብዙ መሐንዲስ የቀደመ ነው። የእንስራው ውሃ የሚቀዘቅዘው ላዩ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው፣ አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን ደግሞ አንድ ኪሎ ሰም ሲቀልጥ ከሚውጠው ከአሥር እጥፍ በላይ ይወስዳል። ባትሪ ላይ ግን አያድርጉት፣ ውሃው በሶኬቱ ገብቶ መዳቡን ያዝገዋል፣ ቢኤምኤሱን ያበላሸዋል፣ የዛን ዕለት ባይታይም በወሩ ይታያል። ባትሪው ተነቃይ ከሆነ ነቅለው ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ሲሚንቶ ወለል ላይ ያስቀምጡት፣ ሲሚንቶው ራሱ ይስበዋል፣ አልጋ ወይ ምንጣፍ ላይ ግን አይሁን። ልጅዎ ሲመለስ በመዳፉ ይንካውና ለብ ካለ ይሰካው፣ አሁንም የሚያቃጥል ከሆነ ይጠብቅ።